ዲናሞው ላይ ከመፍረድ በፊት፦ የሽቦ መፍታት ማስታወሻ ከሳቢያን

ዓርብ ማታ

የባትሪ ምልክቷ ቀይ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ አልጠፋ ካለች ሰነበተች። መኪናዋ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የ1998 ሞዴል ኮሮላ ናት። ጠዋት ሳስነሳት ሞተሪኖው እየከበደው ነው የሚዞረው። ማታ ደግሞ ከባጃጅ ኋላ ቀስ እያልኩ ስሄድ የፊት መብራቱ ይደበዝዛል፣ ነዳጅ ስሰጣት መለስ ይላል። አንድ ጋራዥ ወስጃት ነበር፤ ኮፈኑን ከፈቱ፣ መብራቷን አዩ፣ "ዲናሞው አልቆለታል፣ አስቀይረው" አሉኝ። ቴስተር፣ የቮልት መለኪያ፣ የሚባል ነገር አልወጣም። ዲናሞ፣ ማለትም ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው አልተርኔተር፣ በዋጋው ቀላል ዕቃ አይደለም፤ ሳይለካ የሚፈረድበትም መሆን የለበትም። ስለዚህ መኪናዋን ድሬዳዋ ውስጥ ወዳለው ሰፈራችን ወደ ሳቢያን፣ ወደ ግቢያችን መልሻት ነገ በጠዋት ራሴ ልፈትሻት ነው።

ሐሳቤ እንዲህ ነው፦ ወደ ዲናሞው የሚሄዱትን ሽቦዎች እፈታለሁ፣ እያንዳንዱን ጫፍ አያለሁ፣ እለካለሁ። ዲናሞው ራሱ ከሞተሩ ላይ የሚወርደው ሽቦዎቹ ጤነኛ ሆነው ከተገኙ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ተገላቢጦሹ ነው። ዲናሞው ይወርዳል፣ አዲስ ወይም ከሌላ መኪና የወረደ ይሰቀላል፣ ሽቦው ግን ያው የድሮው ነው። ጥፋቱ ሽቦው ላይ ከነበረ አዲሱም ዲናሞ ያንኑ በሽታ ይወርሳል፣ ባለመኪናውም ገንዘቡን ከፍሎ ካለበት አይነቃነቅም።

ዕቃዎቹን ማታውኑ አሰናድቻለሁ። የ10 እና የ12 ቡሶላ ከነማራዘሚያው፣ ቴስተር፣ ቀጭን ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ነጭ ፕላስተርና እስክሪብቶ ለምልክት፣ ለፎቶ ደግሞ ስልኬ። የጋብቻ ቀለበቴንና ሰዓቴን አውልቄ ቤት አስቀምጫለሁ። ከባትሪው ፖዘቲቭና ከመኪናው አካል መካከል የገባ ቀለበት በቅጽበት ግሎ ጣት ሊቆርጥ ይችላል፤ ይህ ማጋነን አይደለም።

ቅዳሜ፣ ጠዋት 12፡30

ድሬ ላይ እንዲህ ያለ ሥራ በጊዜ ካልተጀመረ አይሠራም። ግንቦት ነው፤ ከ4 ሰዓት በኋላ የግቢያችን የኒም ዛፍ ጥላ እንኳ አያስጠልልም፣ ኮፈኑም በእጅ አይነካም።

ሞተሩ አድሮ ቀዝቃዛ ነው። በመጀመሪያ ባትሪውን ብቻ ለካሁ፦ 12.2 ቮልት። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞልቶ ሲያድር 12.6 አካባቢ ማሳየት አለበት፤ 12.2 ማለት ግማሽ ላይ ነው። ውኃውንም አየሁ፤ በሁለት ጉድጓዶች ውስጥ ከምልክቱ ወርዶ ስለነበር የተጣራ ውኃ ጨመርኩ። የድሬ ሙቀት የባትሪን ውኃ ያደርቃል፤ ደጋ ላይ ዓመታት የሚቆይ ባትሪ እዚህ ቶሎ የሚደክመው አንድም በዚህ ነው።

1፡00

ሞተሩን አስነሳሁ። ሻርፕም ሆነ የተንጠለጠለ እጅጌ ቺንጊያው አጠገብ መድረስ የለበትም፤ የራዲያተሩ ፋን ደግሞ ሳይታሰብ በራሱ ይነሳል። የፊት መብራቱን አበራሁ፣ የውስጡን ነፋስ እስከ መጨረሻ ከፈትኩ፣ የጎረቤቴ ልጅ ነዳጁን እስከ 2000 ዙር ረግጦ ያዘልኝ። ሸክም ሳይኖርበት የሚለካ ሽቦ ሁሉ ጤነኛ ይመስላል፤ በሽታው የሚገለጠው አምፔር ሲያልፍበት ነው።

ባትሪው ላይ፦ 13.1 ቮልት። አነስተኛ ነው፤ ቢያንስ ከ13.8 በላይ ጠብቄ ነበር። እዚህ ላይ ቢቆም "ዲናሞው ደክሟል" ማለት ይቻላል፣ ጋራዡም ቢለካ ኖሮ እዚህ ላይ ይቆም ነበር። ነገር ግን የቴስተሩን ቀይ እግር ከባትሪው አንስቼ ዲናሞው ጀርባ ላይ ያለውን የወፍራሙን ሽቦ ቡሎን ነካሁበት፦ 14.3 ቮልት!

ይህን ቁጥር ሳይ ደስ አለኝ፣ ደጋግሜም ለካሁ። ዲናሞው ሥራውን እየሠራ ነው። የሚያመነጨው 14.3 ሆኖ ባትሪው የሚደርሰው 13.1 ከሆነ 1.2 ቮልቱ መንገድ ላይ የሆነ ቦታ እየተበላ ነው። ጤነኛ መንገድ ከ0.2 ቮልት ብዙም አይበላም።

መንገዱን ከፋፍዬ ለካሁት። የቴስተሩን አንድ እግር ቡሎኑ ጫፍ ላይ፣ ሌላውን ቡሎኑ ላይ በታሠረው የኬብሉ ቀለበት ላይ አደረግሁ። በእጅ የሚነካኩ ሁለት ብረቶች ናቸው፤ በመካከላቸው ዜሮ ነው መታየት ያለበት። 0.9 ቮልት አለ። ከቀለበቱ እስከ ባትሪው ፖዘቲቭ ድረስ የቀረው 0.3 ብቻ ነው። የማሳውንም፣ ማለትም በመኪናው ብረት በኩል ወደ ኔጋቲቩ የሚመለሰውን፣ መንገድ አየሁ፤ ከዲናሞው ቅርፊት እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ 0.05 ቮልት፣ ምንም የማይባል ነው።

ስለዚህ ሽቦው ገና ሳይፈታ የሚፈለገው ቦታ ታወቀ። እኔ ይህን ሥራ በዚህ ቅደም ተከተል መሥራት የምወደው ለዚህ ነው። ዳዶው ከተፈታ በኋላ ዝገቱ ይራገፋል፣ ግንኙነቱ ይነካካል፣ መልሰህ ስታጠብቀው ለጊዜው ይሠራል፤ ምን እንደነበረ ግን ማንም አያውቅም።

1፡40

የጎረቤቴ ልጅ ባጃጅ ነጂ ነው፣ እጁም ለሥራ ይፈጥናል። ሞተሩ እየሠራ እያለ "አቦ፣ ይሄን ሁሉ ከምትለካ ኔጋቲቩን ንቀለው። ሞተሩ ከጠፋ ዲናሞው ሞቷል ማለት ነው፣ አለቀ" አለኝና እጁን ወደ ባትሪው ሰደደ። እጁን ያዝኩት።

ይህ ነገር በየጋራዡ ስለሚደረግ እዚህ ላይ ልቆይ። ባትሪው ለመኪናው ኤሌክትሪክ ማከማቻ ብቻ ሳይሆን ማርገቢያም ነው። ዲናሞው በሙሉ ኃይሉ ባትሪ እየሞላ ሳለ ባትሪው በድንገት ቢነቀል፣ በዲናሞው ውስጥ የተገነባው መግነጢሳዊ ኃይል ወዲያው አይጠፋም። መሄጃ ያጣው ጉልበት ቮልቴጁን ያስፈነጥረዋል፤ በ12 ቮልት መኪና ላይ ከ80 ቮልት በላይ ሊደርስ ይችላል። ርዝመቱ ከሰከንድ ያነሰ ነው። ግን የዲናሞውን ዳዮዶች (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉትን)፣ ሬጉሌተሩን (ቮልቴጁን የሚቆጣጠረውን)፣ ከዚያም የሞተሩን ኮምፒዩተር ለመግደል ያ በቂ ነው። ዘዴው የመጣው ኮምፒዩተር ከሌላቸው መኪኖች ዘመን ነው። የሐረር 404 ፔጆ ላይ ያደገ መካኒክ ባትሪ እየነቀለ ቢፈትሽና ምንም ባይደርስበት አይገርምም፤ የሚቃጠል ኮምፒዩተር አልነበረማ። ኮሮላዋ ግን ቤንዚን የምትረጨው በኮምፒዩተር ትእዛዝ ነው። ጤነኛ ዲናሞ ለመፈተን ተብሎ ጤነኛ ዲናሞ ይገደላል ማለት ነው፤ ይህን ባየሁ ቁጥር ያናድደኛል።

በአጥሩ በኩል ጋሼ ብቅ አሉ። የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በድሬዳዋ የባቡር ጋራዥ በኤሌክትሪክ ሥራ ነው የጨረሱት። ልጁን "ተወው፣ የሚለካ ሰው አይቸኮልም" አሉትና ወንበር አስመጥተው ከዛፉ ሥር ተቀመጡ። ቁጥሮቹን ነገርኳቸው። 0.9 ስላቸው "በላ! እሱ ነው የሚበላህ" ብለው ሳቁ።

2፡15 ባትሪውን መፍታት

ሞተሩን አጠፋሁ፣ ቁልፉን አውጥቼ ኪሴ ከተትኩ። አሁን ማወቅ ያለብን ዋና ነገር አለ፤ ወደ ዲናሞው የሚሄደው ወፍራም ሽቦ በቁልፍ አይጠፋም። በመካከሉ ትልቅ ፊውዝ እንጂ ማብሪያ ማጥፊያ የለውም፤ ቁልፉ ወጥቶ፣ መኪናው ቆሞ፣ በሮቹ ተቆልፈው እንኳ ሙሉ የባትሪ ኃይል እጫፉ ላይ አለ። የዲናሞው ቅርፊት ደግሞ ማሳ ነው። የ10 ቡሶላ በዳዶው ላይ አድርጎ እጀታው ቅርፊቱን ከነካ፣ በባትሪውና በመፍቻህ መካከል ከዚያ ፊውዝ በቀር ምንም ነገር የለም። ስለዚህ ባትሪው ሳይፈታ ዲናሞው ጋ አይደረስም።

ከባትሪውም መጀመሪያ ኔጋቲቩ ነው የሚፈታው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የመኪናው ብረት በሙሉ ከኔጋቲቩ ጋር ስለተያያዘ ኔጋቲቩን ስትፈታ መፍቻህ አካሉን ቢነካ ምንም አይሆንም። ፖዘቲቩን ቀድመህ ከፈታህ ግን ያው መንካት እሳት ነው። ኔጋቲቩ ከተፈታ በኋላ ፖዘቲቩን መንካትም አላስፈለገኝም፤ ባለበት ተውኩት። የተፈታውን ማሰሪያ በደረቅ ጨርቅ ጠቅልዬ ተንሸራቶ እንዳይመለስ ከጎን አስጠጋሁት። ኤርባግ ያላት መኪና ከሆነች ቶዮታ የሚያዘው ቢያንስ 90 ሰከንድ መጠበቅን ነው፤ ጠበቅኩ። ሰዓቷና የሬዲዮው ጣቢያዎች እንደሚጠፉ ይታወቅ።

ከዚያ በኋላም አላመንኩም። ቴስተሩን ከወፍራሙ ቡሎን ወደ ዲናሞው ቅርፊት ለካሁ፦ ዜሮ። አሁን እጅ ይገባል።

ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ነው፣ በእሳት ይፈነዳል። ልጁ ሲጋራውን አጥሩ ጋ ሄዶ እንዲያጨስ ጠየቅኩት።

2፡35 ትንሿ ሶኬት

ከሽቦዎቹ በፊት ፎቶ፣ ከላይም ከጎንም። ከዚያ ነጭ ፕላስተር በእያንዳንዱ ላይ ጠቅልዬ ጻፍኩበት።

በዚህ ዲናሞ ላይ ሁለት ነገር ነው የሚፈታው፤ አንደኛው ሦስት ቀጫጭን ሽቦዎች ያሏት ሞላላ ሶኬት፣ ሁለተኛው ወፍራሙ ኬብል። የሦስቱ ሥራ የተለያየ ነው። አንዷ ቁልፍ ሲከፈት ሬጉሌተሩን ታነቃለች። አንዷ የዳሽቦርዷን ቀይ መብራት ትቆጣጠራለች። ሦስተኛዋ ከባትሪው በትንሽ ፊውዝ በኩል የምትመጣ መለኪያ ናት፤ ሬጉሌተሩ ባትሪው ስንት ቮልት ላይ እንዳለ በእሷ በኩል ያያል። ይህችኛዋ ከተቋረጠች ሬጉሌተሩ ዓይኑን ያጣል፤ ያኔ የራሱን መውጫ ቡሎን እያየ ያስተካክላል፣ ቀይ መብራቷንም ያበራል። የእኔዋ መኪና እየሞላችም ቀይ ማብራቷ ይህችን ሽቦ እንድጠረጥር አድርጎኛል።

ሶኬቷ የመቆለፊያ ምላስ አላት። ምላሷን ተጭኖ፣ የሶኬቷን አካል ይዞ፣ ግራና ቀኝ ትንሽ እያወዛወዙ መሳብ ነው። ሽቦዎቹን ይዞ መጎተት ክልክል ነው። በድሬ ሙቀት ስንት ዓመት ሞተር ጎን የተቀመጠ ፕላስቲክ እንደ ብስኩት ይሰበራል፤ ስለዚህ በካቻቢቴ ጫፍ ምላሷን በቀስታ እንጂ በኃይል አላነሳሁም። ሳትሰበር ወጣች።

ወደ ውስጧ በስልክ መብራት አየሁ። ከሦስቱ የናስ ጫፎች ሁለቱ እኩል ናቸው፣ አንዷ ወደ ኋላ ሸሽታለች። የሸሸችው የመለኪያዋ ሽቦ ናት! ሶኬቷ ሲገባ ያቺ ጫፍ ወደ ኋላ እየተገፋች ከዲናሞው ምላስ ጋር አንዴ ትነካካለች፣ አንዴ አትነካካም። ከዚህ በፊት አንድ ሰው ሶኬቷን ሽቦዎቹን ይዞ ነቅሏት እንደነበር ግልጽ ነው፤ የጫፏ መያዣ ጥርስ ተጣሟል።

ለጋሼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አይተው "ይሄ እኮ የእጅ ሥራ ነው፣ የዕቃ አይደለም" አሉ።

3፡00 ወፍራሙ ኬብል

የጎማ ቆቡን ገፍቼ ዳዶውን አገኘሁ። የ10 ቁልፍ ነው የሚፈታው። ቡሶላውን ሳስገባ ብዙም ጉልበት አልጠየቀኝም፣ ላልቷል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ቡሎኑ የተተከለው በፕላስቲክ መከላከያ ውስጥ ነው፣ ወደ ውስጥ ደግሞ ከዳዮዶቹ ጋር ተገናኝቷል። ዳዶው ዝጎ ከቡሎኑ ጋር አብሮ መዞር ከጀመረ መቆም ነው፤ ዝገት የሚያላላ ዘይት ረጭቶ መጠበቅ ይሻላል። በጉልበት ያዞረው ሰው ውስጡን ይሰብርና ያን ጊዜ በእርግጥም ዲናሞ ይገዛል።

ቀለበቱ ሲወጣ ነገሩ ሁሉ ታየ። አንደኛው ፊቱ ወደ ቡናማ ጠቁሯል፣ ሌላው ላይ አረንጓዴ ዱቄት አለ፣ የሽቦው ልባስ ከቀለበቱ ወደ ኋላ ሁለት ጣት ያህል ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሒሳቡ ይህንን ይገልጸዋል። ሸክሙን በግምት 30 አምፔር ብናደርገው፣ 30 በ0.9 ሲባዛ 27 ዋት ነው። የሬዲዮ ጠጋኝ ካውያ የሚያህል ሙቀት አንዲት ትንሽ ቀለበት ላይ ቀኑን ሙሉ ተቀምጧል ማለት ነው። ሙቀቱ ብረቱን ያዝገዋል፣ ዝገቱ ደግሞ ሙቀቱን ይጨምራል፤ እየተመጋገቡ ይሄዳሉ። እዚህ አገር ደግሞ የራዲያተሩ ፋን፣ ኤሲውና የውስጡ ነፋስ ዓመቱን ሙሉ ስለማይጠፉ ያቺ ቀለበት እረፍት የላትም።

3፡25

ሽቦዎቹ ሁሉ ስለተፈቱ ዲናሞውን ባለበት መፈተን ይቻላል። ቴስተሩን ዳዮድ መለኪያው ላይ አድርጌ ቀዩን እግር ቅርፊቱ ላይ፣ ጥቁሩን ወፍራሙ ቡሎን ላይ አስነካሁ፤ 0.9 ቮልት አካባቢ አሳየ፣ ሁለት ዳዮዶች ተከታትለው የሚያሳዩት ይህን ያህል ነው። እግሮቹን ሳገላብጥ ምንም አላሳየም። በሁለቱም አቅጣጫ ዜሮ ቢጠጋ ኖሮ የተቃጠለ ዳዮድ አለ ማለት ነበር። ይህ ፈተና ኬብሉ ካልተፈታ የመኪናውን ሌላ ሽቦ ሁሉ አብሮ ስለሚለካ አይታመንም።

ጋራዡ የፈረደበት ዲናሞ ዛሬ ከቦታው አይወርድም።

4፡10

ፀሐይዋ ደረሰች። ሱቆቹ ለቀኑ እረፍት ሳይዘጉ ወደ መጋላ ወረድኩ። የምፈልገው ለ6 ሚሊሜትር ቡሎን የሚሆን ቀዳዳ ያለው፣ ለ10 ካሬ ሚሊሜትር ኬብል የሚበቃ የመዳብ ቀለበት ነው። ባለሱቁ መጀመሪያ ያወጣልኝ ስስ ነበር፤ በጣት ሲጫኑት ይታጠፋል። ወፍራሙን፣ ቆርቆሮ የተለበጠውን ጠየቅኩት፣ ፈልጎ አመጣልኝ። በዋጋ ልዩነቱ ኢምንት ነው፣ ዲናሞውን የሚያህል ወጪ የሚያድን ዕቃ ላይ መቆጠብ ደግሞ አያዋጣም። በሙቀት የሚኮማተር ላስቲክም ጨመርኩ።

ከ6 እስከ 10 ሰዓት የድሬ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ቤት ገብቼ አረፍኩ።

ቅዳሜ፣ 10፡30

የደረቀውን ጫፍ ቆረጥኩ። መቆረጥ ያለበት የሚያብረቀርቅ መዳብ እስኪገኝ ድረስ ነው፤ ጥቁር መዳብ ላይ አዲስ ቀለበት መጭመቅ በሽታውን ጠቅልሎ ማስቀመጥ ነው። ኬብሉ እንዳያጥር ሰግቼ ነበር፤ ከሞተሩ ጎን የያዘችውን አንዲት ማሰሪያ ስለቅ በቂ ርዝመት ተገኘ። ላስቲኩን አስቀድሜ አስገባሁ፣ ቀለበቱን አጠለቅሁ፣ ከጋሼ በተዋስኩት ትልቅ መጭመቂያ ጨመቅኩ።

"ስታኞ ላፍስበት?" አልኳቸው።

"ለሬዲዮ ይሁን። ለሚንቀጠቀጥ ሞተር አይሆንም" አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ስታኞ፣ ቀልጦ የሚፈሰው የሽቦ መበየጃ፣ ወደ ሽቦው ውስጥ ሰርጎ ተጣጣፊውን መዳብ አንድ ደረቅ ዘንግ ያደርገዋል፣ በንዝረትም እዚያው ወሰኑ ላይ ይሰበራል። ግንኙነቱ ከጋለ ደግሞ ስታኞው ራሱ ይቀልጣል። ቀጥለው "አሁን ጎትተው ልጄ" አሉኝ። "ከወጣ እዚህ ይውጣ፣ ደንገጎ ዳገት ላይ ከሚወጣብህ።" በሁለት እጄ ጎተትኩት፣ አልተነቃነቀም። ላስቲኩን አሙቄ አኮማተርኩት።

የዲናሞውን ቡሎንና መቀመጫውን በብርጭቆ ወረቀት አጸዳሁ፣ ዱቄቱን በብሩሽ ጠረግሁ። ዱቄቱ በዲናሞው የአየር ቀዳዳዎች እንዳይገባ ጨርቅ ሸፍኜ ነው የሠራሁት። ከዚያ ቀለበቱን፣ ሮንዴላውን፣ ዳዶውን መለስኩ። ቡሎኑ የ6 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ 10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይበቃዋል፤ በአጭር እጀታ፣ በአንድ እጅ፣ እስኪነክስ። የጎማ ቆቡን ሳይረሱ መመለስ። ያ ቆብ ከጠፋ ማንኛውም የሚወድቅ መፍቻ እሳት ይጭራል።

11፡15

የሶኬቷን የሸሸች ጫፍ መለስኩ። መያዣ ጥርሷን በመርፌ ጫፍ ወደ ነበረችበት አቃናሁ፣ ከኋላ በቀጭን ካቻቢቴ ገፋሁ፣ ቀጭ የምትል ድምፅ እስክትሰማ። ከዚያ ሽቦዋን በቀስታ ጎተትኳት፣ ያዘች።

ሶኬቷን ገና ሳልሰካ የባትሪውን ኔጋቲቭ መለስኩ፤ ሦስቱን ሽቦዎች ለየብቻ ለማየት የሚመቸው ያኔ ነው። ቁልፉ ጠፍቶ የመለኪያዋ ሽቦ 12.2 አሳየች፣ ሁልጊዜ ባትሪ ሊኖርባት ይገባል። የማንቂያዋ ሽቦ ቁልፉ ሲጠፋ ዜሮ፣ ሲከፈት 12 ሆነች። የመብራቷን ሽቦ ደግሞ በትንሽ የሙከራ አምፖል በኩል ከማሳ ጋር ሳገናኛት ዳሽቦርዱ ላይ ቀይዋ ፈዘዝ ብላ በራች። ሦስቱም ጤነኛ ናቸው። በቴስተሩ የአምፔር ቀዳዳ ግን እነዚህን ሽቦዎች መንካት አይገባም፤ በዚያ ቀዳዳ በኩል ቴስተሩ ራሱ ቀጥተኛ ሽቦ ነው፣ ፊውዝ ያቃጥላል።

ቁልፉን አጥፍቼ ሶኬቷን ሰካሁ፣ ምላሷ መቆለፏን በጣቴ አረጋገጥኩ። ፎቶውንና ሥራውን አስተያየሁ፤ ሽቦዎቹ ከቺንጊያውም ከጭስ ማውጫውም ርቀው እንደ ቀድሞው ታስረዋል።

11፡40

ቁልፍ ስከፍት ቀይዋ በራች። እዚህ ላይ መብራት ግዴታዋ ነው፤ ካልበራች የመብራቷ ሽቦ ወይም አምፖሏ ሌላ ችግር አለበት። ሞተሩን ሳስነሳ ጠፋች።

በጠዋቱ ሸክም፣ በጠዋቱ ዙር እንደገና ለካሁ። ባትሪው ላይ 14.2። ከቡሎኑ እስከ ቀለበቱ ዜሮ ሊባል የሚችል፣ ጠቅላላው መንገድ 0.2። ከጠዋቱ 0.3 ቀሪ ውስጥ ጥቂቱ ከተቆረጠው ከተበላሸው ጫፍ ጋር ሄዷል፤ የቀረው ትልቁ ፊውዝና ኬብሉ የሚበሉት ነው። ልጁ ቁጥሩን አይቶ "አቦ፣ የኔንም ባጃጅ ለካልኝ" አለ። እሰየው። ኔጋቲቭ ከመንቀል ይህ ይሻላል።

እሑድ ማታ፣ ከሐረር መልስ

በሸክም ሳትፈተን ሥራው አለቀ ለማለት ስላልፈለግሁ ሐረር ወጥቼ መጣሁ። መንገዱ ለዚህ ይመቻል፤ ድሬ 1200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ሐረር ከ1800 በላይ ናት፣ በመካከሉ የደንገጎ ዳገት አለ። ሐረር ደርሼ ሞተሩ እየሠራ ስለካ 14.3፤ ማታ ድሬ ስገባ፣ ሞተሩ ግሎ፣ ፋኑ እየጮኸ 13.9። ይህ ልዩነት ጥፋት አይደለም። ሬጉሌተሩ በራሱ ሙቀት መጠን ቮልቴጁን ዝቅ ያደርጋል፤ የጋለ ባትሪ በከፍተኛ ቮልቴጅ ከተሞላ ውኃው ይተናል። ሐረር ላይ ያየሁትን ቁጥር ድሬ ላይ የሚጠብቅ ሰው ጤነኛ ዲናሞ ሊያስወርድ ስለሚችል ጻፍኩት።

ቆሜ ቀለበቱን በእጄ ጀርባ አስጠግቼ አየሁት። የሞተሩን ያህል ሞቋል እንጂ ከሞተሩ አይበልጥም።

የቀረው ባትሪው ነው። ለረጅም ጊዜ በግማሽ ሆድ ስለኖረ ሰሌዳዎቹ ሳይጎዱ አልቀሩም። ዛሬ ሌሊት በቻርጀር በዝቅተኛ አምፔር ሞልቶ ያድራል፣ ነገ ማታ ከሸክም ነፃ ሆኖ ሲያርፍ እለካዋለሁ፤ ከ12.5 በታች ካሳየኝ ባትሪ እገዛለሁ። የጭስ ማውጫው አጠገብ ለሚያልፈው የኬብሉ ክፍልም ሙቀት የሚችል ሽፋን እፈልጋለሁ፤ በዚህ ሳምንት ታይዋን ገበያ ካገኘሁ አለብሰዋለሁ።